የዳምጤ ጺም

ጥር 14 ቀን 1977 ዓ.ም. ጠዋት፣ ሱዳን ውስጥ ከሾዋክ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች ሰፈር፣ በእኔ ራኩባ ሥር የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ዳምጤ፣ የሟች ሚስቱ ወንድም ገሠሠና እኔ። ራኩባ የምንለው በአራት እንጨት ላይ የተጣለ የሣር ጥላ ነው። ዳምጤ የተገለበጠ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጧል። የመጣው ጺሙን እንድላጨው ነው። ገሠሠ የመጣው እንዳልላጨው ነው።

የዳምጤ ሚስት ያለምወርቅ የሞተችው ድንበሩ ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን ሲቀረን መንገድ ላይ ነው። ቀብረናት መንገዳችንን ቀጠልን። ባገራችን ሚስቱ የሞተችበት ሰው ቢያንስ አርባዋ እስኪወጣ ድረስ ጺሙን አይነካም። ያን ቀን ገና ሃያ ስምንተኛ ቀኗ ነበር። ሰፈሩ እንደገባን ዳምጤን ግርሻ ያዘውና ትኩሳታሞች ለብቻ ወደሚተኙበት ድንኳን ወሰዱት። የአራት ዓመት ልጁን ሸጊቱን ደግሞ የከሱ ሕፃናት የሚመገቡበት ዳስ አስገቧት። አባትና ልጅ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሳይተያዩ ቆዩ።

ዳምጤ ትኩሳቱ ለቆት እንደወጣ በቀጥታ ወደ ዳሱ ሄደ። ልጅቱ ስታየው ጮኸች። ኢንቲሳር የምትባለው ሱዳናዊት ነርስ የወተቱን ኩባያ በእጁ ሰጥታው እንዲያጠጣት ብትነግረው፣ ሸጊቱ ፊቷን በጨርቅ ሸፍና ጺማሙ ሰውዬ ይሂድልኝ አለች። ቀድሞም ቢሆን ከማንም እጅ ከጥቂት ጉንጭ በላይ አትቀበልም ነበር። አባዬ ሲመጣ እጠጣለሁ ነበር የምትለው። በአፍንጫዋ በቀጭን ቱቦ ቢሰጧት ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ኢንቲሳር በተሰባበረ አማርኛ ዳምጤን ዛሬና ነገ ካልጠጣች አትተርፍም አለችው።

እኔ ፀጉር አስተካካይ አልነበርኩም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ሰዎች የራሽን ካርዳቸውን ያስነብቡኛል። እጁ አይንቀጠቀጥም ብለው ደግሞ ያስላጩኝ ጀመር። ሰው ፊት መናገር ያሳፍረኛል፤ ሲላጭ ግን ሰው ስለማይናገር ሥራውን ወደድኩት። የምላጨው በባዶ ምላጭ ነበር፤ ለሁለት እሰብረውና ግማሹን በጣቶቼ መካከል እይዘዋለሁ። ባገራችን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚላጨው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሽማግሌ ስላጭ ጉንጫቸውን ጫር አደረግሁባቸው። ትንሽ ነገር ነበረች፤ በደኅና ሰው ላይ በሦስት ቀን ትጠፋለች። የተራበ ገላ ግን ቁስሉ አይሽርም። ሰፋ፤ ዝንብ ወረሰው፤ ሽማግሌውም በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ። ሰው ሁሉ የገደላቸው ትኩሳት ነው አለኝ። እኔ ከዚያ በኋላ ባዶ ምላጭ አልያዝኩም።

ሾዋክ ገበያ ሱቅ ያለው የጎንደሩ አብዱልናስር ጆንያ ሳወርድለት ውዬ ባለ እጀታውን መላጫ የሰጠኝ ያን ሰሞን ነው። ምላጩ ሳይሰበር በሁለት ብረት መካከል ይቀመጣል፤ በግራና በቀኝ ስለቱ ትንሽ ብቻ ብቅ ይላል፤ እጀታውን ሲያዞሩት ይጠብቃል። አብዱልናስር አያያዙን አሳየኝ። በራሱ ክብደት ይሂድ እንጂ አትጫነው፤ እንደ ማጭድ ከያዝከው ሰው ታርዳለህ ብሎ ሳቀብኝ። ራሴን ሁለት ጊዜ ተላጨሁበት። በሌላ ሰው ፊት ላይ ግን ገና አልሞከርኩትም።

ገሠሠ ከእኛ በፊት ወደ ሱዳን መጥቶ መፋዛ በሚባል ቦታ ሰሊጥ እርሻ ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የእህቱን ሞት የሰማው ከተቀበረች በኋላ ነበር። በዚያ ጠዋት ከራኩባው እንጨት አንዱን ይዞ ቆሞ ዳምጤን ቁልቁል ያየዋል።

«የእህቴ አፈር ሳይደርቅ ተላጭተህ ልትዘንጥ?» አለው።

ዳምጤ የሸሚዙን ኮሌታ ወደ ውስጥ አጠፈ።

«ሰው ሊያገባ ነው ይላል» አለ ገሠሠ።

«ማን ታገባኛለች? እስቲ እየኝ» አለ ዳምጤ። ሁለቱም ሊስቁ ነበር፤ ተዉት። ከዚያ ዳምጤ ቀና አለ። «ገሠሠ፣ እህትህ ሞታለች። ልጇ ገና አልሞተችም።»

ገሠሠ የያዘውን እንጨት ለቀቀ። ለመላጫ የሚሆነው ውሃ የትኛው ነው ብሎ ጠየቀኝ። ከጠዋት ድርሻዬ ያስቀረሁትን ግማሽ ኩባያ አሳየሁት። ከራሱ ጀሪካን ሞላልኝና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

የዕርዳታ ሳሙና በውሃ አሽቼ ጺሙን አረፋ አለበስኩት። ስጀምር ተሳሳትኩ። ባዶ ምላጭ ረጅም ጺም አይፈራም፤ ይህኛው ግን ገና በመጀመሪያው ስበት ፀጉር ጠቀጠቀና ቆመ። ፈትቼ አጠብኩት። በሁለተኛውም ቆመ። የዳምጤ ዓይን አነባ። ወደ ዳሱ ሄጄ ከኢንቲሳር የፋሻ መቀስ ተውሼ መጣሁ። ጺሙን እስከ ሥሩ ከከረከምኩት በኋላ መላጫው መሄድ ጀመረ። ቅርር ቅርር ይላል፤ እኔ መያዝ ብቻ ነው።

ችግሩ ጉንጩ ላይ መጣ። የዳምጤ ጉንጭ ወደ ውስጥ ገብቶ ጎድጓድ ሆኗል፤ ቀጥ ያለው ብረት ጉድጓዱ ውስጥ አይደርስም። ባዶ ምላጭ ቢሆን በጫፉ ይገባ ነበር። አሮጌው ምላጭ በብልቃጥ ውስጥ አጠገቤ ነበር፤ አየሁት፤ አላነሣሁትም። ጣቱን ወደ አፉ ከትቶ ጉንጩን ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲገፋ ነገርኩት። ገፋ። ቆዳው ወጣልኝ፤ ግን ጣቱን ሲያወጣ ቆዳው ወዲያው አልተመለሰም። ቀስ ብሎ ነው የገባው። መላጫውን ይዤ እስኪመለስ ጠበቅሁ። በሌላውም በኩል እንደዚያው አደረግን። አገጩ ላይ አንዲት ነጥብ ደም ወጣች፤ አመድ ነሰነስኩባት።

መስተዋት አልነበረንም። ዳምጤ ፊቱን በመዳፉ ዳሰሰ። ገሠሠ ዞር ብሎ ሲመለከተው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ተነሣና ከእኛ ጋር ወደ ዳሱ መጣ።

ኢንቲሳር በሩ ላይ ዳምጤን ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ስሙን ሲነግራት «መዓለሽ» አለች፤ ይቅርታ ማለት ነው። ከዚያ ኩባያውን ሰጠችው። ሸጊቱ በአረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ተኝታ ነበር። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ዳምጤ ተንበረከከና ጠራት። ዓይኖቿን ገለጠች፤ አልጮኸችም። ፊቱን ቀስ እያለች ከግንባሩ እስከ አገጩ አየችው። ገሠሠና እኔ ከኋላው ቆመናል።

«አባባ ወልዴ» አለች።

ወልደ ማርያም የዳምጤ አባት ናቸው። እኛ ስንሰደድ እግሬ አይችልም ብለው አገር ቤት ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ጺም አሳድገው አያውቁም ነበር። የሰባ ዓመት ሰው ናቸው። ዳምጤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

ዳምጤ ኩባያውን በእጁ እንደያዘ ዞር ብሎ እኛን አየ። አባትሽ ነኝ ሊላት እንደፈለገ አወቅሁ። ገሠሠ ከኋላው ጎንበስ ብሎ፣ «ዝም በል። አጠጣት» አለው።

«አቤት፣ ሸጊቱ» አለ ዳምጤ።

«ጺማሙን ሰውዬ አባረርከው?»

«አባረርኩት።»

«አባዬስ?»

«እየመጣ ነው። እስኪመጣ ወተትሽን ጠጪ።»

አንገቷን በክንዱ ደገፈ። ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘችና ጠጣች፤ አረፍ እያለች ጠጣች። ኢንቲሳር ከምንጣፉ ጫፍ ቆማ በጣቷ ቀስ በል እያለች ታሳየዋለች። ገሠሠ ወደ ውጭ ወጣ።

ሸጊቱ ያን ኩባያ ጨረሰች፤ በማግሥቱ ሦስት ጠጣች። ለእሷ አባባ ወልዴ ሆኖ ለመቆየት ዳምጤ እስከ መጋቢት ድረስ በየሁለት ቀኑ እየመጣ ተላጨ። የያለምወርቅን አርባ ገሠሠ ብቻውን አወጣና ወደ መፋዛ ተመለሰ።