ተረካቢ፦ ባለቤቴ

ባሌ ከሴት ጋር ሲያወራ የሰማሁት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እኔ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ የደንበኛ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነበር። እሱ በረንዳ ላይ በሩን ዘግቶ፣ ስልኩን አፉ ላይ ለጥፎ፣ «አይ፣ እንደሱ አይደለም፤ ትንሽ ለስለስ አድርጊው። እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ነው የጨነቀኝ» ይላል። አንዲት ሴት በሚያቆላምጥ ድምፅ፣ «እሺ፣ በደስታ! አብረን እናስብበታለን» አለችው።

በደስታ! እኔ በሠላሳ ዓመት ትዳር አንዴም በደስታ ብዬው አላውቅም። ሊተወኝ ነው አልኩ፤ የቀረው መንገሩ ብቻ ነው።

ነገሩ ደግሞ ያን ቀን አልጀመረም። ሰውዬው ከተለወጠ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ያፈሳል። ከአጠገቡ ሆኜ ስጠራው ወደማዶ ይዞራል። ደረጃውን እንደ አዲስ ሙሽራ ቀስ እያለ ይወርዳል። ልቡ ሌላ ጋ ነው! ታች ላለችው ፀጉር ሠሪ ባጫውታት ማበጠሪያዋን አስቀምጣ፣ «በዚህ ዕድሜ የጀመረው ወንድ አይመለስም» አትለኝም? «ሟርተኛ!» ብያት ወጣሁ፤ ቃሏ ግን ተከትሎኝ ቤት ገባ።

ማታ ራት ላይ ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከማንም። ከማሽኑ ጋር ነው።»

«የምን ማሽን?»

«መሥሪያ ቤት ያሠለጠኑን ነዋ! ስልክ ላይ የሚጽፈው፣ ሲያናግሩት በድምፅ የሚመልሰው።»

ሥልጠናውን አስታውሳለሁ። ባሌ የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ያን ቀን እየተኩራራ ነበር የገባው። ማሽኑን ዝም ብለው «ደብዳቤ ጻፍ» ካሉት የማንም የማይሆን ደብዳቤ ይጽፋል አለኝ። ማን እንደሆንክ፣ ለማን እንደሚጻፍ፣ ተቀባዩ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚጠላ፣ ምን እንዳይገባበት እንደምትፈልግ አንድ በአንድ ከነገርከው ግን ልክህን ይሰራልሃል። «እንደ አንቺ ነው» ብሎኝ ነበር፤ «ልኬት ካልሰጡሽ ምን ትሰፊያለሽ?»

«እና ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?» አልኩት።

«ስለ ሥራ።»

«ሥራ ነው ‹እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ› የሚያስብልህ?»

ጨው ፍለጋ ጠረጴዛውን በእጁ ዳበሰ። ጨው ፊት ለፊቱ ነበር። አላቀበልኩትም።

እሁድ ጠዋት ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ስልኩን አነሳሁ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ አነሳሁት። ፊደሉን ከማተለቁ ብዛት አንድ ዓረፍተ ነገር ስክሪኑን ይሞላል። ማሽን ነው ያለው እውነት ነበር፤ የተናገረው ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ዕድሜውን መጋዘን ስለጨረሰ ሌላ አጠያየቅ አያውቅም፤ ለማሽኗም እንደ ዕቃ መጠየቂያ ቅጽ አድርጎ ነው የነገራት፦

«የሚፈለገው፦ ደብዳቤ። ብዛት፦ አንድ። ተረካቢ፦ ባለቤቴ፣ ልብስ ሰፊ። የተረካቢ ጠባይ፦ ቁጡ ናት፤ ቁጣዋ ግን ሻይ እስኪፈላ ነው። ሽንገላ አትወድም፤ ‹ውዴ› ብለሽ እንዳትጀምሪ፣ ትቀደዋለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ጥንቃቄ፦ እናቷ ዓይናቸው ጠፍቶ ስድስት ዓመት ክንዳቸውን ይዛ መርታለች። የተቀበሩ ቀን ‹ከእንግዲህ የማንንም ክንድ አልይዝም፣ በቃኝ› ብላኛለች። እውነቷን ነው። የሚፈለግበት ምክንያት፦»

ከዚያ ባዶ።

ከሥሩ ማሽኗ በትሕትና ትጠይቃለች፦ «ለባለቤትዎ መንገር የሚፈልጉት ነገር ምንድን ነው? እሱን ካልነገሩኝ ደብዳቤውን መጨረስ አልችልም።» በማግስቱም ያው። አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቃዋለች። አሥራ አንድ ጊዜ ስለ እኔ ጨምሮላታል፤ ስለ ጉዳዩ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይሄ እኮ አንድ መስመር ባዶ ከቀረ የሥራ አስኪያጁን ቅጽ እንኳ የሚመልስ ሰው ነው!

ጥንቃቄ የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። ሻዩ። ደረጃው። ጨው። የፊደሉ መተለቅ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ። ጨው ነፈግሁት እኮ!

ፎጣ አገልድሞ ወጣ። በስተቀኙ ቆሜ ነበር፤ አላየኝም።

«ምክንያቱን ለምን ባዶ ተውከው?» አልኩት።

ደንግጦ ግድግዳውን ያዘ።

«የቱ ዓይን ነው?»

«ቀኙ አልቋል» አለኝ። «ግራውም እየሄደ ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል።» ፎጣውን ጠበቅ አደረገ። «ያልሽውን ስለማውቅ ነው። የእናትሽን አይቼ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«ለማሽን አሥራ አንድ ቀን ከምትለፈልፍ ለእኔ አንድ ቃል አትናገርም? ሰው አይደለሁም እኔ?» ጮህኩበት። እያለቀስኩም ነበር። «ልበስና ክንድህን ስጠኝ፤ ቁርስ ቀርቧል።»

«በቃኝ ብለሽ አልነበር?»

«ያልኩትን አንተ ነህ የምትነግረኝ? ስጠኝ አልኩህ!»

ክንዱን ዘረጋ፤ እኔ ወደሌለሁበት በኩል።

«ትይዢኛለሽ?» አለ።

«በደስታ!» አልኩት። እንደዚያች ማሽን አላቆላመጥኩትም፤ እየጮህኩ ነው ያልኩት።