ቁልፍ የሌለው በር

የአማካሪዋ ክፍል በር ቁልፍ የለውም። ያስነቀለችው ራሷ ናት። «ልጅ በፈለገ ሰዓት መውጣት እንደሚችል ካላየ አይናገርም» እያለች ዳይሬክተሩን መውጫ መግቢያ አሳጣችው። እሱም ከሚስቱ ይልቅ የቁልፍ ዘለላውን ያምናል ተብሎ የሚታማ ሰው ነውና እያመነታ፣ «ዕቃ ቢጠፋ በራስሽ ነው» ብሎ ፈቀደላት። የሚሰረቀውማ ምን ነበር? ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የሶፍት ካርቶንና አንድ የግድግዳ ሰዓት።

ተማሪዎቹ በሌለችበት «እትዬ ጆሮ» ይሏታል። መምህራኑ ደግሞ የሷ ሥራ ምክር ማደል ይመስላቸዋል፤ ሱሪ እንደሚያሳጥር ሰው «ይቺን ልጅ ቶሎ ምከሪልኝ» ብለው ይልኩባታል። ሥራው ግን ግማሹ አፍን ይዞ መቀመጥ ነው። ሌላው ግማሽ የተሰማው ነገር ከአቅም በላይ ሲሆን ለማን እንደሚነገር ማወቅ ነው። ይህንን ለእያንዳንዱ ልጅ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ትነግረዋለች። «የምትነግረኝ እዚሁ ይቀራል። ሰው የሚጎዳህ ከሆነ ወይም ራስህን ልትጎዳ ካሰብክ ግን ለብቻዬ አልይዘውም፤ ሊረዳን ለሚችል ሰው እነግራለሁ» ትላለች።

የስልኩ ደንብም የሷ ነው። ወላጆች «ልጆቻችን ከክፍል ወጥተው የት እንደሚገቡ አናውቅም» ብለው ባጉረመረሙበት ስብሰባ ላይ ብድግ አለችና፣ አንድ ልጅ እሷ ዘንድ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ከቆየ ጸሐፊዋ ቤት ደውላ እንድታሳውቅ ሐሳብ አቀረበች። አዳራሹ አጨበጨበላት። ቀድመው ተነስተው ያጨበጨቡት ከፊት የተቀመጡ አንድ ደልደል ያሉ የወላጅ ኮሚቴ አባል ነበሩ። «እንዲህ ነው እንጂ! የልጆቻችንን ነገር አንድም ሳይቀር ማወቅ አለብን» አሉ። ደስ አሏት። ጭብጨባ የማይወድ ማን አለ?

ታዲያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ልጅቷ ግን እጀ ረጅም ሹራብ ለብሳለች። አማካሪዋ ወንበር ሰጥታት የተለመደውን ነገረቻት።

«እንደዚያ ከሆነ አልናገርም» አለችና ልጅቷ ተነሳች። በሩ ድረስ ሄደች። እጀታውን ያዘች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

አማካሪዋ ዝም አለች። ዝም ማለት ትችልበታለች፤ ሌላው ቢቀር በዚህ አትታማም። ደወል ተደወለ፣ ኮሪደሩ በእግር ኮቴ ተንጋግቶ ፀጥ አለ፣ ልጅቷ አሁንም ሶፍት ትቦጫጭቃለች። አማካሪዋ ቶሎ በይ አላለቻትም። በመጨረሻ ልጅቷ፣ ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች፣ የግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች።

ክንዷ ላይ የካውያ ጫፍ ቅርጽ ያለው ቁስል አለ። ዳሩ ገና እርጥብ ነው።

«ሸሚዙን አሳርሬበት ነው» አለች ልጅቷ፣ ጥፋተኛዋ እሷ እንደሆነች ሁሉ።

«የማንን ሸሚዝ?»

«የአጎቴን። እናቴ ከሞተች ወዲህ እሱ ነው የሚያሳድገን።»

«የወላጅ ኮሚቴው?» አለች አማካሪዋ፤ ከስብሰባው ሲወጡ ልጅቷን ከጎናቸው አይታታለች።

ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አንቱታው እዚህ ላይ ይበቃዋል።

«እዚህ መምጣቴን ብቻ እንዳያውቅ» አለች ልጅቷ። «ካወቀ አለቀልን። እትዬ፣ አያውቅም አይደል? እኔ ልሙት በይ።»

አማካሪዋ ልትምል አፏን ከፈተች። ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር ተጋጨና ክው አለች። ክፍለ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ጸሐፊዋ ደግሞ የሰው ሞት ቢሆን እንኳ ሥራዋን የማታዘገይ ሴት ናት።

«እኔስ ግድ የለኝም፤ ግን...» ብላ ልጅቷ ጀመረች።

«ቆይ አንዴ!» አለች አማካሪዋ። የልጅ ንግግር አቋርጣ የማታውቀው ሴት አቋርጣ ወጣች።

ጸሐፊዋ ስልኩን አስቀምጣ ጥፍሯን ትሞርዳለች። «ደወልኩላቸው እኮ» አለች ፈገግ ብላ። «ምን የመሰሉ ሰው ናቸው! አመስግነውኝ፣ አሁኑኑ መጣሁ አሉ።»

አማካሪዋ ስልኩን አንስታ፣ የሕፃናትን ጉዳይ የምትከታተለው ፖሊስ ጋ ደወለች፤ ቁጥሯን በቃሏ ታውቀዋለች። ፖሊሷ «መጣሁ። እስክደርስ ልጅቷን ለማንም እንዳትሰጪ» አለቻት። ቀጥላ ወደ ዳይሬክተሩ ሮጠች።

«የቤተሰብ ነገር ነው፤ ምን አገባን?» አለ ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የተከበሩ ሰው ናቸው።»

«ክንዷን አይቻለሁ!»

«እሱማ... እንግዲህ አንቺ ነሽ አማካሪዋ፤ ያልሽውን አድርጊ» አለና የቁልፍ ዘለላውን አንስቶ አስቸኳይ ስብሰባ ሄደ። ከማን ጋር እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አማካሪዋ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም።

«ተደውሎለታል» አለቻት። «ያስደወልኩት እኔ ነኝ። እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ግን ይዞሽ አይሄድም፤ ፖሊስ እየመጣች ነው። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።»

ልጅቷ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እጅጌዋን ወደ ታች ሳበችና አፏን ዘጋች። አማካሪዋ የዝምታን ዓይነት ሁሉ አውቃለሁ ትል ነበር። ይህን ግን አታውቀውም፤ በራሷ ላይ የተዘጋ ነውና አስፈራት።

ወጥታ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ያስነቀለችው ቁልፍ ትዝ ሲላት ራሷን በጥፊ ማለት አማራት።

ሰውየው በኮሪደሩ መጨረሻ ብቅ አለ። አይቸኩልም። ሸሚዙ እንከን የለውም፤ የእጅጌው መስመር ቢላ ያህል ቀጥ ብሏል። አማካሪዋ ያንን መስመር ማየት አቃታትና ዓይኗን ወደ ጫማው አወረደች።

«እህት ዓለም፣ እንዴት ዋልሽ? ልጃችን አስቸገረችሽ አሉ።»

«ደህና ነኝ። አላስቸገረችኝም።»

«እንግዲያው ልውሰዳት።»

«አሁን አትሄድም።» ድምፅዋ የትንኝ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

ሰውየው ሳቀ። ክፉ ሳቅ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የደግ አጎት ሳቅ ነው። ከትከሻዋ በላይ ወደ በሩ አሻግሮ አይቶ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ነይ እንሂድ» አለ። «ጋሼሽ አልተቆጣም።»

ከውስጥ ወንበር ሲንኳኳ ተሰማ። ከዚያ አማካሪዋ ጀርባ ላይ እጀታው ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ልትወጣ ነው! አማካሪዋ እጇን ወደ ኋላ ልካ እጀታውን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ልጅቷ ከውስጥ ትስባለች፣ እሷ ከውጭ ትይዛለች፤ ዓይኗን ግን ከሰውየው አላነሳችም።

«ፖሊስ እየመጣች ነው» አለች።

ሰውየው ፈገግታውን አልቀየረም። የእጅ ሰዓቱን አየት አደረገ። «እሺ፣ አልጨቃጨቅሽም» ብሎ ዞረና እንዳመጣጡ፣ ሳይቸኩል፣ ሄደ።

አማካሪዋ እፎይ አለች። በሩን ከፍታ፣ «ሄደ! ሄደልሽ እኮ!» አለች።

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። «ወዴት?»

«እንጃ፤ ወደ ቤቱ ይሆናላ...»

«ሚጡስ?»

«ሚጡ ማናት?»

«እህቴ ናት! እዚሁ አንደኛ ክፍል ናት፤ አሁን ነው የሚለቀቁት። ልነግርሽ ስል ቆይ አልሽኝ! ትናንት ካውያውን አሳይቷት፣ ከእንግዲህ የእህትሽን ጥፋት አንቺ ትከፍያለሽ አላት። ለሷ ብዬ ነው እንጂ እኔማ ምን አመጣኝ?»

አማካሪዋ እንዴት ደረጃውን እንደወረደች አታውቅም። አንዱ ጫማዋ ወልቆ ቀረ። ትንንሾቹ የሚወጡበት የታችኛው በር ከሜዳው ማዶ ነው፤ እናቶች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ተኮልኩለዋል። በመካከላቸው ያ እንከን የለሽ ሸሚዝ ይታያል። ሚጡ፣ ቦርሳዋ ከሷ የሚበልጥ ልጅ፣ እጇን ለአጎቷ ሰጥታ ቱስ ቱስ ትላለች። ከበሩ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል።

«ጋሼ!» አለች አማካሪዋ ዘበኛውን። ግቢው ውስጥ ጮኻ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ሜዳው ሁሉ ሰማት። «በሩን ይዝጉት! ይቆልፉት!»

ዘበኛው የቀለዱበት መስሎት ሰውየውን አየ፣ እሷን አየ። በአንድ እግሯ ጫማ የሌላትን ሴት ፊት ሲያይ ግን በሩን ገፋና ቆለፈው።

ሰውየው ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ወገኖቼ፣ ይቺ ሴት ዛሬ ጤናዋ አይደለም» አለ እያዘነ። «የገዛ ልጄን አትወስድም ትለኛለች።» አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የኮሚቴው ሰው ናቸው፤ እሷ ማናት?

አማካሪዋ የታላቅየዋን ክንድ አየሁ ልትል አሰበች፤ ግን ቁስሉ የሷ አይደለም፣ ልጅቷ ሳትፈቅድላት በአደባባይ ልታወጣው አልደፈረችም። ሚጡን በዓይኗ ብቻ ይዛ ቆመች።

ያኔ ታላቅየዋ እየሮጠች ደረሰች። እዚያው፣ በእናቶቹ ሁሉ ፊት፣ ሹራቧን በራሷ ላይ ገልብጣ አውልቃ ጣለችውና ክንዷን አነሳች። አንድም ቃል አልተናገረችም። ከአንድ ቁስል በላይ ነበር፤ አማካሪዋ ያየችው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

አንዲት እናት «ኡኡ!» ብላ ፊቷን ያዘች። ሰውየው የሚጡን እጅ ቀስ ብሎ ለቀቀ። ከውጭ የፖሊሷ መኪና ሲደርስ ዘበኛው በሩን የከፈተው ማንነቷን ደጋግሞ ጠይቆ ነው።

ሰውየው ከተወሰደ በኋላ እህትማማቾቹ አማካሪዋ ክፍል ተቀመጡ፤ የእናታቸው እህት እስክትመጣ እዚያው መቆየት ነበረባቸው። ሚጡ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ሶፍት ትቦጫጭቃለች። አማካሪዋ ይቅርታ ልትጠይቅ ደጋግማ ጀምራ ተወችው። ደወል ተደወለ። በሩ ተንኳኳና ሦስቱም ደርቀው ቀሩ።

ጸሐፊዋ ነበረች። «ክፍለ ጊዜው አልፏል» አለች ከውጭ፣ ልማዷ ነውና። «ለማን ልደውል?»

«ለማንም» አለች አማካሪዋ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳልልሽ ለማንም አትደውዪ።»

የጸሐፊዋ ኮቴ ራቀ። ታላቅየዋ በሩን ስታይ ቆየች። ከዚያ ተነስታ የተቀመጠችበትን ወንበር ጎተተችና ከእጀታው ሥር አስደገፈችው። ጥሩ መያዙን ገፋ አድርጋ ሞከረች። ለአፍታ አማካሪዋን ቀና ብላ አየቻት፤ ቁጣ እየጠበቀች ይመስላል።

አማካሪዋ ተነሳች። የራሷን ወንበር አመጣችና ከልጅቷ ወንበር ጎን አስደገፈችው። ከዚያ ሦስቱም መሬት ላይ ተቀመጡ።