ከደጀ ሰላሙ ውጪ

የሺዋስ የደብራችን ቀኝ ጌታ፣ የማኅሌቱ የቀኝ ወገን መሪ ሆኖ በተሾመ ሳምንት አፍንጫዬ ይደማ ጀመር። ማኅሌቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አገሬው ሁሉ «መሪጌታ አካለ ወልድ ሹመቱ ቢቀርበት አኮረፈ» አለ። ይበሉ ብዬ ተውኳቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

እውነቱ ሌላ ነው። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ይህንንም ሥርዓት ለስንቱ ተማሪ ያስጠናሁ እኔው ነኝ። አሁን ጠዋት ስጉመጠመጥ ድዴ ይደማል፤ አፍንጫዬም ሳይነኩት ይፈስሳል። በበዓል ቀን ከቅጽሩ ውጪ፣ ወይራው ሥር ካለችው ጠባብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከበሮውን እሰማለሁ። መዘምራኑ ወረቡን ሲያጣድፉት ብቻዬን እናደዳለሁ። አላፊ አግዳሚው ከሩቅ እጅ ነሥቶኝ ይሄዳል። ያኮረፈ ሽማግሌ ማን ይጠጋል?

ደብረ ማርቆስ የምታስተምረው ልጄ ሂዊ ልትጠይቀኝ መጥታ ደም የነካውን ትራሴን አየች፤ እያለቀሰች ማርቆስ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለብኝ ካወቅን ቆይተናል፤ ደሙን ግን ደብቄያት ነበር። ሐኪሟ ሳትቆጣ አስረዳችኝ። ካንሰሩ ደም የሚያረጋውን ነገር ከሰውነቴ እየጨረሰው ነው፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ደም እየተሰጠኝ መቆየት አለብኝ፤ ምትክ ደም የሚለግሱ ሰዎች ካሉኝም ማምጣት ይገባኛል። ሂዊ ልጅ ታጠባለች፣ መስጠት አትችልም።

ሰው የለኝም አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔኑ አስፈራኝ። ለአገሬው እንዳትናገርም ሂዊን አስማልኳት። አኮረፈ መባል ይሻለኛል እንጂ ከንፈር እንዲመጠጥልኝ አልፈልግም። የተገኘውን ያህል ደም ሰጡኝና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እንደ ልማዴ ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የሚመራው ድምፅ የየሺዋስ አይደለም፤ ዜማውን ያንሻፍፈዋል። ምን ነካቸው እያልኩ ሳጉረመርም የሺዋስ ራሱ መቋሚያውን ይዞ በውጪ በኩል መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«በዚህ በዓል ቀኝ ጌታ ውጪ ምን ይሠራል?» አልኩት ተቆጥቼ።

ጋቢውን ገለጥ አደረገ። ክንዱ መታጠፊያ ላይ ፋሻ ተጠምጥሟል፤ ደምም ነካ አድርጎታል።

«ሂዊ ነግራኝ ትናንት ማርቆስ ሄጄ ደም ሰጠሁ» አለ። «መርፌው የወጋኝ ቦታ ገና አልደረቀም። እኔም አልገባም የኔታ። ሰኞ ደግሞ ሌሎቹ መዘምራን ይሄዳሉ።»

መሐላዋን ያፈረሰችውን ልጄን ልረግም ቃል ፈለግሁ፤ እንባዬ ቀደመኝ። የሺዋስ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረ፤ መምህር ሲያለቅስ ማየት ነውር ነው ብሎ ይሆናል። ድንጋዩ ለሁለት ሰው አይበቃም። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰው ትከሻ ትከሻዬን ነካው።