የጋሼ ደረሰኝ እርሳስ

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል አንጋፋ ሠራተኛ “ጋሼ ደረሰኝ” የተባሉት ያለ ነገር አይደለም። እርሳስ ሲያውሱ እንኳ ያስፈርማሉ። ምክትላቸው ወጣቷ መሐንዲስ ስትስቅባቸው ከርማለች፤ ዛሬ ግን የሚያስቅ ነገር የለም።

ሰርቨሩ አንድ ነው፤ በሆዱ ግን በፕሮግራም ብቻ የተሠሩ ስድስት ቨርቹዋል ማሽኖች እንደ አንድ ግቢ ተከራዮች ይኖራሉ። የራጅ ምስሎችን የሚይዘው ተከራይ እያንዳንዱን ምስል ቆራርጦ ለአከራዩ ለሰርቨሩ ያቀብላል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጋሼ በጻፉት ደንብ መሠረት አንዲት ቁራጭ በሰጠ ቁጥር “ደርሷል” እስኪባል ሥራውን አቁሞ ይጠብቃል። ለአንድ ምስል ሺህ ጊዜ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! ሐኪሞቹ መረራቸው። የሆስፒታሉ ኃላፊም ትናንት ማታ “እስከ ነገ ምሳ ካልፈጠነ የጋሼ ሥራ ይነቀላል፤ እሳቸውም ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራሉ” አለ።

መሐንዲሷ ትወዳቸዋለች፤ ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ቀድማቸው ገብታ መጠበቁን ከደንቡ ሰረዘችና የትናንቶቹን አራት መቶ አሥራ ሁለት ምስሎች ቅጂ ላከች። አርባ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው በሁለት ደቂቃ አለቀ። ልቧ ጮቤ ረገጠ።

ጋሼ ገብተው ሰሟት፤ ኮታቸውን ሳያወልቁም የደረሱትን ምስሎች በእርሳስ ቆጠሩ።

“አራት መቶ አሥራ አንድ” አሉ።

“አንዷ ብቻ እኮ ናት ጋሼ! ኃላፊው የሚያየው ፍጥነቱን ነው።”

“አንዷ የማን ናት ልጄ?”

መሐንዲሷ ስሙን ከዝርዝሩ መፈለግ ጀመረች።

“ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊትም” አሉ ጋሼ፤ “የጠፋችው አንዷ ብቻ ነበረች። የአንዲት እናት የሳንባ ራጅ። ሌላ ራጅ እስክትነሳ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ለእሷ ረጅም ነበር። ደረሰኝ የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው።”

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ መሐንዲሷ አፈረች። ያን ሁሉ ጊዜ የሳቀችው በሰው ሐዘን ላይ ነበር። ወንበሯን ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

“ደረሰኙ ይኑር” አለች። “ግን ለምን በየቁራጩ? የሁለቱም እጅ የሚደርስበት አንድ የጋራ መደርደሪያ እንስጣቸው። ተከራዩ እየደረደረ ሥራውን ይቀጥል፤ አከራዩ እያነሳ ይቁጠርና ምስሉ ሲሞላ አንድ ደረሰኝ ይቁረጥ። ከጎደለ የጎደለችውን ብቻ ይጠይቅ።”

“ደረሰኙ ራሱ ቢጠፋስ?”

“እሱ እስኪመጣ ምስሉ ከመደርደሪያው አይወርድም።”

ጋሼ መነጽራቸውን ጠረጉ። “እንዲያ ከሆነ ጻፊው። እኔ እቆጥራለሁ።”

ለምሳ ሩብ ሰዓት ሲቀር እንደገና ላኩ። ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ኃላፊው መጥቶ የፈጀውን ሰዓት አየና “በቃ፣ ባሉበት ይቀመጡ” ብሎ ወጣ። ምን እንደተቆጠረ አልጠየቀም።

ጋሼ ኮታቸውን አሁን አወለቁ። ከዚያ እርሳሷን አነሱና ለመሐንዲሷ ሰጧት።

“ከነገ ጀምሮ የምትቆጥሪው አንቺ ነሽ።”

መሐንዲሷ እንደ ልማዷ የመፈረሚያውን ደብተር ፈለገች።

“ተይው” አሉ ጋሼ። “ላንቺ አያስፈልግም።”