የስንሻው ጥቁር ክፈፍ

እናትነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ስትደርስ በሩን የከፈተላት ሟቹ ራሱ ነበር። ስንሻው በካናቴራ፣ ምላጭ በእጁ፣ ግማሽ አገጩ ተላጭቶ ግማሹ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ቆሟል። ከኋላዋ የእድሩ ዳኛ ክንፉ የለቅሶውን ድንኳን አህያ በሚጎትተው ጋሪ፣ በካሮ አስጭኖ መጥቷል።

«ማን ሞተብን?» አለ ስንሻው ደንግጦ።

እናትነሽ ስልኳን ዘረጋችለት። ኔትወርኩ ደክሞ ቪዲዮው አልከፈት ብሏት የመጣላት የመጀመሪያው ምስል ብቻ ነበር፤ ስንሻው ነጭ ለብሶ፣ ከበሮ አንግቦ፣ ዙሪያውን በወፍራም ጥቁር ክፈፍ ታጥሮ። እንዲህ ያለ ፎቶ በሕይወት ላለ ሰው ሲሠራ አይታ አታውቅም።

ቪዲዮውን የሠራችው የስንሻው ልጅ ፀደይ ነበረች። ዘንድሮ መንገዱ አላስኬድ ብሎ ለገብርኤል በዓል መሰባሰብ ስላልተቻለ በስደት አገር ተበታትነው የሚኖሩት የገዳሪፍ፣ የፋውና የኸሽም ኤል ቂርባ መዘምራን በየቦታቸው ተቀርጸው ላኩላት፤ እሷ ደግሞ ሦስቱን በጥቁር ክፈፍ ለያይታ ባንድ ስክሪን አሰልፋ አብረው አዘመረቻቸው፤ ቪዲዮው የሚከፈተው ግን በአባቷ ምስል ብቻ ነበር።

ክንፉ ላቡን ጠራርጎ፣ የበዓሉ ሥራ ከእንግዲህ ገበያ ውስጥ ስቱዲዮ ላለው ለዮኒ ቢሰጥ እንደሚሻል ተናገረ። ስንሻው ለገዛ ሞቱ ያን ያህል አልደነገጠም፤ ይህን ሲሰማ ግን ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ልጅቱ ለዚህ ሥራ ሁለት ወር ሙሉ ደጅ መጥናቷን ያውቃል።

ጫጫታውን ሰምታ ከጓዳ የወጣችው ፀደይ አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። በገመድ የተጠለፈው አልጋ፣ አንገረቡ ላይ አስቀመጠቻቸውና ክፈፉን ከቪዲዮው ላይ አወጣችው። ሰዉ ሁሉ ነጭ ለባሽ፣ ግድግዳውም ነጭ፤ የፋው መዘምራን ትከሻ ከገዳሪፎቹ ጋር ተጣብቆ ሁሉም አንድ ሰፊ ጋቢ ሆነው ቁጭ አሉ። እናትነሽ ሳታስበው ሳቀች። ፀደይ ጥቁሩን የመረጠችው ከነጭ ጎልቶ ስለታያት ብቻ ነው፤ ገዳሪፍ ተወልዳ ላደገች ልጅ፣ አገር ቤት የሟች ፎቶ በምን እንደሚከፈፍ ማን ነግሯት?

ጣቷን በየምስሉ እያሳረፈች ቀለም መረጠች። ለፋው ቢጫ፣ ለቂርባ ሰማያዊ፣ ለገዳሪፍ ያልደረሰ የሰሊጥ ማሳ አረንጓዴ። ክፈፉንም ትንሽ አቀጠነችው። «ኸላስ፣ አለቀ» አለችና አጫወተችው።

ሦስቱ ከበሮ ባንድ ላይ ተመታ። ክንፉ ከሰማያዊው ውስጥ ቂርባ የሚኖር ወንድሙን አየ። ከዓመት በላይ አላየውም። ስለ ዮኒ ጀምሮት የነበረው ንግግር እዚያው ቀረ። ስንሻው ይህን ሲያይ ደረቱ ሰፋ።

«ልጄ ናት» አለ፣ የማያውቃት ያለ ይመስል። ትንሽ ቆይቶም ደገመው።

ክንፉ የሚመጣው በዓል ሥራም ከእሷ እጅ እንዳይወጣ ወሰነ። ተነሥቶ ሲሄድ ግን በሩ ላይ ዘወር አለ።

«ያንን ጥቁሩን ግን ከስልክሽ አጥፊው፣ ልጄ።»

ፀደይ ካሮው ላይ የተጫነውን ድንኳን አየት አደረገች።

«እርስዎስ ጋሼ፣ ዛሬ ሰው አልሞተም ብለው ያንን ድንኳን ሊጥሉት ነው?»