የጀልበኛው መርዶ

«ተይ፣ ተይ ልጄ! መርዶ ነጋሪ እንዲህ አይጮህም» አሉ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ። ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ ምላሳቸውን ነከሱ።

ሕሊና ጣቶቿን ከፒያኖው ላይ አነሳች። ነገ፣ ዓርብ፣ ፍራንክፈርት ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ፕሩፉንግ፣ የመግቢያ ፈተና፣ አለባት። የምትዘፍነው ሊድ ነው፤ ጀርመኖች ግጥምን ከፒያኖ ጋር አጋብተው የሚያዜሙት። በግጥሙ አንድ ጀልበኛ ለአንዲት ሴት ባሏን ውሃ እንደበላው ይነግራታል። ድምጿስ፣ እግዜር ይመስገን፣ ድምጽ ነው። አስተማሪዋ ግን «ዘፈንሽልኝ እንጂ አልነገርሽኝም» ብላታለች። ስለዚህ ድሮ የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ተምረው ዛሬ ትራም ወደሚነዱት የአባቷ ጓደኛ፣ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ዘንድ፣ ቦርንሃይም ሰፈር ድረስ መጣች።

ምን ዓይነት ቀን መርጣ መጣች! ማክሰኞ ዕለት ከደሴ ተደውሎ፣ አባቷ አቶ ገናናው አርፈዋል ተብሏል። ደርግ ከወደቀ ወዲህ ሁለቴ ብቻ ነው ያየቻቸው። እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ ሰፈር ያሳደጓት አክስቷ፣ እትዬ የወርቅውሃ፣ «ፈተናዋን ሳትጨርስ ትንፍሽ የሚል ወዮለት!» ብለው ሐበሻውን ሁሉ አስምለዋል። መርዶው በወጉ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገራት። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስም ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀምጠዋል።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚናገረው?» አለች ሕሊና።

ውጪ ቀጭን ዝናብ ይወርዳል። የትራም ደወል ከሩቅ፣ በእንቅልፍ ልብ እንደሚሰማ ድምጽ፣ መጥቶ ሄደ።

«አይቸኩልም» አሉ ቀስ ብለው። «መጀመሪያ እንዴት አደርሽ ይላል። ስለ ዝናቡ ያወራል። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ነው የሚናገረው፤ አንጀቱ እያረረ።»

«ዓይኗን ያያታል?»

«አያይም። እንዴት አድርጎ?»

ይህን ሲሉ የገዛ ጫማቸውን እያዩ ነበር። ድንገት የራሳቸውን ነገር አስተዋሉ። ልጅቷ ከገባች ጀምሮ ስለ ዝናቡ ሁለቴ አውርተዋል። «አባትሽ እንዴት ነው?» ሳይሏት ተለያይተው የማያውቁት ሰውዬ ዛሬ አንዴም አልጠየቋትም።

ቀና ሲሉ ሕሊና ትኩር ብላ ታያቸዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ እኔ…»

«ይተዉት፣ ጋሼ» አለች ፈጠን ብላ። «ዛሬ ምንም አይንገሩኝ።»

ወደ ፒያኖው ዞራ ጀመረች። አሁን አልጮኸችም። ጀልበኛው ገባ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ስለ ውሃው መሙላት አወራ። ቃሉና ዜማው አንድ ላይ ይተነፍሳሉ። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጭጋግ ያዘለ ወንዝ ሳሎናቸው ውስጥ በዝግታ የሚፈስ መሰላቸው፤ የት እንዳሉም ጠፋቸው። ስታበቃ እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን አላለቀሰችም።

«ነገ እንዲህ ነው የምዘፍነው» አለች።

«አምላኬ! እንደምን ትችይዋለሽ?»

«ማወቄን ለእትዬ አይንገሯቸው። ቅዳሜ ስትመጡ ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ፤ ያኔ አለቅሳለሁ።» የፒያኖውን ክዳን ቀስ አድርጋ ዘጋች። «እስከዚያ አባባ ደህና ነው። አይደል፣ ጋሼ?»

«አዎ ልጄ» አሉ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ። «ደህና ነው።»