ዶቅዶቄው በለቅሶ ሜዳ

«ይህ ፈረስ የማን ነው?» አለች ሙሾ አውራጇ እታለማሁ።

ስማቸው የዳማውን ልጓም እንደያዘ ቆመ። የወንድሙ የአየነው ሣልስት ነው። ከዳንግላና ከየመንደሩ የመጣው ሰው ሜዳውን ከቦታል።

«የእኔ ነው፣ እትዬ።»

«የሟችስ?»

«ያውቁት የለ። ሸጦታል።»

«በብረት አህያ ለውጦታል!» አለ ሽማግሌው ነጋ ከኋላ። የሳቁ ነበሩ።

በዚህ አገር ወንድ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው መካከል ይዞራል። ሙሾ አውራጇም ፈረሱን እያየች የጌታውን ሥራ ታነሣለች። ፈረስና ሥራ የሌለው ሰው እንደ እንግዳ ነው የሚለቀስለት። ስማቸው ወንድሙ እንደ እንግዳ እንዲለቀስለት አልፈለገም። የራሱን ፈረስ የጫነውም ለዚህ ነበር።

«በሰው ፈረስ ሙሾ አላወርድም» አለች እታለማሁ። «ሥራውን ንገረኝ። ምን ገደለ?»

«ምንም።»

«ማንን በሙግት ረታ?»

«ማንንም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሲያደርግ ኖረ?»

«ይሄዳል። ያያል። ይመለሳል።»

«ምን አየ?»

ስማቸው ይህን አያውቅም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ አየነው ከአባታቸው የወረሰውን ፈረስ ዳንግላ ገበያ ሸጦ ባለሁለት ጎማ ዶቅዶቄ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ወር፣ ሁለት ወር ይጠፋል። ሲመለስ አቧራውን ሳያራግፍ መጀመሪያ የሚደርሰው ስማቸው ደጅ ነው።

«አያ፣ ያየሁትን ልንገርህ።»

«በሬዎቹ ውሃ አልጠጡም» ይላል ስማቸው፤ ተነሥቶ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ የኋላውን መቀመጫ የበግ አጎዛ አልብሶ መጣ።

«ላንተ ነው። ተፈናጠጥ፣ አያ። ጢስ ዓባይን አይተን እንመለስ።»

«የአባቴን ፈረስ በሸጥክበት ብረት ላይ?»

አየነው ሳቀ። አጎዛውን ግን አላነሣውም። ያለፈው ወር ወደ ጫግኒ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። ሳምንት አልቆየም።

ከእንግዶቹ መካከል ዓብዱልሀሚድ ተነሣ። ዳንግላ ላይ ቤንዚን የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

«አያ ስማቸው፣ እግዜር ያጽናዎ። እኔ ልናገር?»

ስማቸው ራሱን ነቀነቀ።

«ቤንዚን ሊቀዳ ሲመጣ ሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ያጫውተኝ ነበር። የጎንደርን ግንብ ሦስት ጊዜ ዞሮታል። ሊማሊሞን የወረደው ፈርቶ ዶቅዶቄውን በእጁ እየገፋ ነው። ተከዜን ተሻግሮ አስመራ፣ ከዚያ ምጥዋ። ባሕሩን ቀምሶት ‹እዚያ አገር ወጥ ጨው አይቸግረውም› አለኝ።»

ነጋ ሳይቀር ሳቀ። ዓብዱልሀሚድ አልሳቀም።

«ጨርሶ ሲነሣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኝ ነበር። ‹ይህ ለአያ የያዝኩት ወሬ ነው፤ አንተ መለማመጃዬ ነህ።›»

ስማቸው የዳማውን ልጓም ለነጋ ሰጠው። ከሜዳው ዳር ወዳለው ጋጣ ገባ። ዶቅዶቄው ጥግ ላይ ጭድ ለብሶ ቆሟል። ጭዱን በእጁ ጠረገ። የአየነውን ጋቢ ከግድግዳው አውርዶ፣ አጥፎ የፊቱ መቀመጫ ላይ አኖረና እየገፋ ወጣ።

«ጉድ በል!» አለ አንዱ።

ለፈረስ እንደሚደረገው ሜዳውን በቀኝ ጀምሮ ዞረ። ሞተሩ ዝም ብሏል፤ የሚሰማው የሰንሰለቱ ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው። እታለማሁ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ መሃል ወጣች።

ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣
አይቶ የመጣውን ማን ይሰማው ዘንድሮ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ስማቸው ሦስት ጊዜ ዞረ። በሦስተኛው ዶቅዶቄውን በማቆሚያ ብረቱ አቆመውና ጥቂት አየው። ከዚያ እግሩን አሻግሮ ከኋላ፣ አጎዛው ላይ ተፈናጠጠ። እጁን ዘርግቶ ከፊቱ ያለውን ጋቢ ጫፍ ያዘ።